«አያውቁም» ለሚሉን የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ግንባታ ሠራተኞች አመጋገብ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። ለአንድ ነገር እናመሰግናለን፤ ከግቢያችን አጥር ሥር ባሬላ ተሸክመው የሚውሉትን ሰዎች ያየ ዐይን ተገኝቷል። ብዙዎቻችን እኮ በአጠገባቸው የምናልፈው አቧራው እንዳይነካን አፍንጫችንን ይዘን ነው። ሆኖም ጸሐፊው ካየ በኋላ ምን አለ? ጽሑፉ ተጨምቆ ሲወጣ ነገሩ ይህ ነው፦ የግንባታ ሠራተኛ ገንዘቡን በዳቦና በሻይ፣ በእርጥብና በለስላሳ ይጨርሳል፤ አትክልት አይቀምስም፤ እንቁላልና ወተት አይገዛም፤ ይህም የሆነው ዕውቀት ስለሌለውና ልማድ ስላሠረው ነው፤ ስለዚህ ስለ ምግብ ትምህርት ይሰጠው።

እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ ጽሑፉ ከርኅራኄ ተነሥቶ ስድብ ላይ ደርሷል። ስድብ በትሕትና ስለ ተጻፈ ስድብነቱ አይቀርም። ሠራተኛው እንቁላል ከደረቅ ዳቦ እንደሚሻል ያውቃል፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ጸሐፊው «ምርጫ» የሚላትን ቃል ይዞ ሲሄድ ግን መራጩ ማን እንደሆነ አልጠየቀም። የሠራተኛውን ምሳ የሚመርጡለት ሌሎች ናቸው። እነሱን አንድ በአንድ እንጥራቸው።

የመጀመሪያው መራጭ ሰዓት ነው። በአብዛኛው ሳይት ሥራ በ2 ሰዓት ይገባል፣ ምሳ ከ6 እስከ 7 ነው፣ መውጫው 11 ነው። በወረቀት ሲታይ አንድ ሙሉ ሰዓት አለ። እስቲ ያችን ሰዓት እንዘርዝራት። ሰውየው ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በአጣና መወጣጫው ይወርዳል፤ መሣሪያውን ያስረክባል፤ በር ላይ ይፈተሻል። ከዚያ ሕንፃው ያለበት ሰፈር ለሰው ያልደረሰ አዲስ ሰፈር ከሆነ ምግብ ቤት ፍለጋ ይሄዳል፤ መሀል ከተማ ከሆነ ደግሞ በአጠገቡ ያለው ምግብ ቤት እሱን በሥራ ልብሱ የሚያስገባ አይደለም። አንዷ የላስቲክ ቤት ሲደርስ ከሱ በፊት የመጡ ሃያ ሰዎች ተደርድረዋል። ሽሮዋ እስክትንተከተክ ሩብ ሰዓት ሄደ። በ7 ሰዓት ካቦው ይቆጥራል፤ በብዙ ሳይት የዘገየ ሰው ግማሽ ቀን ይቆረጥበታል። እንግዲህ ለዚህ ሰው እሱን የሚጠብቅ ምግብ እንጂ እሱ የሚጠብቀው ምግብ አይሆንለትም። እሱን የሚጠብቀው ደግሞ ዳቦ ነው።

«የለም፣ የለመደው ስለሆነ ነው» ለሚል ሰው የሶሌታ ሙሌትን ቀን እንጥቀስለት። ሶሌታ ሲሞላ ሥራው መሀል ላይ አይቋረጥም፤ አንዱ ኮንክሪት ደርቆ ሌላው ከደረሰበት መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ቀን ሠራተኛው ምግብ ፍለጋ እንዲወጣ አይፈለግም። አንዳንድ የቤት ባለቤት በዚያ ቀን እንጀራና ወጥ አስመጥቶ፣ ዐቅም ካለውም በግ አርዶ፣ እዚያው ያበላል። ታዲያ በዚያ ቀን ልማድ ያሠረው ሠራተኛ ሥጋውንና ጎመኑን ትቶ «እኔ የለመድሁት ዳቦ በሻይ ነው» ይላል? ሳህኑ ተጠርጎ ነው የሚመለሰው! ኮንክሪቱ የማይጠብቅ በሆነ ቀን ምግቡም ቦታውም ጊዜውም ይገኛል። በሌላው ቀን የሚጠፋው መጠበቅ የሚችለው ሰውየው ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው መራጭ የክፍያ ቀን ነው። የቀን ሠራተኛ ቢባልም በየቀኑ የሚከፈለው ጥቂቱ ነው። በሳምንት፣ በአሥራ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም «ክፍያ ሲለቀቅልን» ይባላል። ሆድ ግን በየቀኑ ነው የሚከፈለው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ዱቤ ነው። «እትዬ፣ ለቅዳሜ ይያዙልኝ» ይላል ሠራተኛው፤ እትዬም ጫፉ በተጠቀለለ ደብተር ላይ ይጽፉለታል። ጸሐፊው ይህችን ደብተር ቢያያት ኖሮ ስለ ልማድ ባልጻፈ ነበር። ሠራተኛው የሚበላው በሚወድደው ቤት ሳይሆን በሚታመንበት ቤት ነው። ማዶ የተሻለ ወጥ ቢኖርም ማዶ ስሙ በደብተር የለም። ቅዳሜ ሲከፈለው ዕዳውን ይከፍላል፤ ከተረፈው ላይ ለአገር ቤት ይልካል፤ በዚያ ምሽት ደህና ነገር ይቀምሳል። ሰኞ ሽሮ ነው። ረቡዕ ሽሮዋ ለሁለት ትሆናለች። ሐሙስና ዓርብ ዳቦ በሻይ ነው። ይኸው ሰው፣ ይኸው ምላስ፣ ይኸው ዕውቀት! የተለወጠው ከክፍያ ቀን ያለው ርቀት ብቻ ነው። ዕውቀቱ በቅዳሜ መጥቶ በሐሙስ የሚጠፋ ከሆነ እንዲህ ያለ ዕውቀት አይተን አናውቅም።

ሦስተኛው መራጭ የሥራው ክብደት ነው። እዚህ ላይ ቁጥር እንቁጠር፤ ጸሐፊው በሳይንስ ስም ስለተናገረ በሳይንስ እንመልስለት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የሰበሰቧቸው ባለሞያዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ተመካክረው ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ከባድ ጉልበት የሚጠይቅ ኑሮ ያለው ሰው ሰውነቱ ዐርፎ ከሚያቃጥለው ኃይል ከ2 እስከ 2.4 እጥፍ ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ዐርፎ ቢውል በቀን ወደ 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል፤ ባሬላ ተሸክሞ ሲውል ከ3,200 እስከ 3,800 ይፈልጋል ማለት ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን ወጣት ሴት አሸዋ ስትሸከም ብትውል ከ2,400 በላይ ትፈልጋለች። አሁን ጸሐፊው የሚያመሰግነውን ሰላጣ እንይ፤ 100 ግራም ሰላጣ ከ20 ኪሎ ካሎሪ አያልፍም። 100 ግራም የስንዴ ዳቦ ግን 260 ያህል ይሰጣል። አንድ እንቁላል ወደ 70 ነው። ሲሚንቶ ሲሸከም የዋለ ሰው «ሆድ የሚይዝ» እያለ ዳቦውን ሲያነሣ፣ ሻዩ ላይም ስኳር ሲደራርብ፣ ካሎሪ የሚለውን ቃል ሳይሰማ ስሌቱን በትክክል ሠርቶታል። በያዛት ገንዘብ ብዙ ጉልበት የሚገዛው በዚያ ነው።

እንዳንሳሳት። ዳቦና ሻይ በቂ ነው አላልንም። ሰውነት ማገዶ ብቻ የሚጨመርበት ምድጃ አይደለም። የሻይ ቅጠል ያለው ታኒን በእህል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ በየወሩ ደም ለሚፈስሳቸው ሴቶች ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከምሳ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሻይ መጠጣት ይሻላል ቢባል ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ያች አንድ ሰዓት የማን ናት? የካቦው ናት። ስለዚህ ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው ምግቡ ደህና ነው ወይስ አይደለም በሚለው አይደለም። የምንለያየው ጥፋተኛው ማን ነው በሚለው ነው።

አራተኛው መራጭ ውሃ ነው። ይህን ጸሐፊው ፈጽሞ አላነሣውም። እኛ አበሾች እንጀራ የምንበላው በእጃችን ነው። እጅ ካልታጠበ እንጀራ አይቆረስም፤ ይህ የእናቶቻችን ትምህርት ነው። የለሳኙንና የረዳቱን እጅ እንመልከት። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ነው፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየምም የቆዳ አለርጂ ያስነሣል። ያ እጅ ሳይታጠብ ወጥ ውስጥ ይግባ? ባለው በርሜል ያለው ውሃ ለሚክሰሩ የተቀዳ ነው። ታዲያ ሠራተኛው ምን ያደርጋል? በወረቀት የተጠቀለለውን ይመርጣል። በዳቦ መሀል ድንችና ቃሪያ የገባበት እርጥብ በሳይቶች አካባቢ እንዲህ የገነነው ወረቀቱን ይዞ መብላት ስለሚቻል ጭምር ነው። ጸሐፊው «የፋሽን ምግብ» ብሎ ያሾፈበት እርጥብ ለሠራተኛው የጠፋችው ቧንቧ ምትክ ነው! ሁለት ጀሪካን ውሃና አንድ ሳሙና ቢቀመጥ የምሳው ዝርዝር ሊለወጥ ይችላል። ለዚህ ሴሚናር አያስፈልግም።

ስለ ውሃ ከተነሣ ስለ ሴቶቹም እንናገር። በአገራችን ሳይቶች ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ የተለሰነውን የሚያጠጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። በብዙ ቦታ የሚከፈላቸው ከወንዱ ያነሰ ነው። ብዙዎቹ ምሳቸውን በምሳ ዕቃ ከቤት ያመጣሉ፤ ይህም የትናንት እራት ለልጆች ተከፍሎ የተረፈው ነው። መጸዳጃ በሌለበት ሳይት የምትውል ሴት ደግሞ ውሃ እንኳ እየሰሰተች ነው የምትጠጣው፤ ለምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አይገባንም። ይህችን ሴት ሰብስበን «ብዙ ውሃ ጠጪ» ብለን እናስተምራት?

አምስተኛው መራጭ መሶቡ ነው፤ ማለትም አብሮ መብላቱ። ጸሐፊው ጾምን «ጎጂ ልማድ» ከሚላቸው ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሃይማኖት አንከራከርም፤ ስለ ምግብ ግን እንነጋገር። ኦርቶዶክሳዊው ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታን ይጾማል፤ ሙስሊሙ ረመዳንን ይጾማል። በአገራችን ደግሞ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ ነው። አንድ ላይ ሲሸከሙ የዋሉ አምስት ሰዎች አዋጥተው ከአንድ ትሪ ሊበሉ ቢፈልጉ፣ ሁለቱ ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን ቢሆኑ፣ ቀኑም ረቡዕ ቢሆን፣ ምን ያዝዛሉ? ሽሮ! ሽሮ ድህነት ብቻ አይደለም፤ ማንንም ከትሪው የማያስነሣ ምግብ ነው። ብቻውን ጥግ ይዞ እንቁላል የሚልጥ ሰው በሳይት ውስጥ ምን ስም እንደሚሰጠው ጸሐፊው ይጠይቅ። ደግሞስ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ የሰውነት መገንቢያ አይደሉም እንዴ? ከጤፍ ጋር ሲገናኙማ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። የጎደለው ከጾሙ አይደለም፤ የጎደለው ሽሮው በቀጠነበት፣ ዘይቱ በሳሳበት፣ እንጀራዋ ባነሰችበት ነው።

ስድስተኛው መራጭ ማደሪያ ነው። ከገጠር ለወራት መጥቶ፣ ለእርሻ ጊዜ የሚመለስ ወጣት በከተማ ምጣድ የለውም። ስድስት ሆነው በተከራዩት ክፍል ወይም እዚያው ሳይቱ ላይ በቆርቆሮ ሥር ያድራል። ከሰል ውድ ነው፤ ድስት ቢኖር ማስቀመጫ የለም። የሚችለው ከአገር ቤት የመጣለትን በሶ መበጥበጥና ቆሎ መቆርጠም ነው። እርግጥ በሶና ቆሎ ከብስኩት ይሻላሉ፤ «ልማድ» የተባለው ነገር እዚህ ላይ ሲጠቅመው እናያለን። የመንደሩን ምግብ ያስጣለው ከተማው እንጂ አላዋቂነቱ አይደለም።

ሰባተኛውና የመጨረሻው መራጭ ደንብ ነው። የሠራተኛውን ምሳ የሚያበስሉት ድርጅቶች አይደሉም፤ ከሳይቱ አጥር ሥር በላስቲክ ጥላ የተቀመጡ እናቶች ናቸው። ከአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጀምሮ ሕንፃ ባደገበት ሁሉ እነሱ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ከፈረሱ ወዲህ በከተማዋ የኮሪደር ሥራ ሌትና ቀን ሲካሄድ አይተናል። ከተማ ማማሩን አንጠላም። ነገር ግን አጥሩ ሲያምር የላስቲክ ቤቱ ይነሣል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ድስቱ ከነወጡ ይሸሻል። ያን ዕለት ሠራተኛው ምን ይበላል? ከሱቅ ብስኩትና ለስላሳ! የሌሊት ተረኛውማ ከዚያም በታች ነው። ጸሐፊው በማግስቱ መጥቶ የለስላሳውን ጠርሙስ ይቆጥርና «ምርጫቸው ተበላሽቷል» ብሎ ይጽፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የሚነሡብንን ክርክሮች ቀድመን እንመልስ።

አንደኛ፣ «ለጫትና ለጠላ ገንዘብ አላቸው» ይባላል። አንክድም፤ የሚቅም አለ፣ የሚጠጣም አለ። ግን ጫት ምን እንደሚሠራ እናውቃለን፤ ረኃብንና ድካምን ያስረሳል። ረኃብ ማስረሻ ከምግብ ይልቅ በቀረበበት ቦታ ሰው ወደ ማስረሻው ቢሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ረኃቡ ነው። ደግሞም ይህን ክስ የሚያነሡት ሰዎች ጫትና መጠጥ በቢሮና በካምፓስ የሌለ አስመስለው መናገራቸው ይገርመናል።

ሁለተኛ፣ «ተቋራጩም ተቸግሯል፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አስጨንቆታል» ይባላል። ይጨንቃል፤ ግን የዘይቱና የዳቦው ዋጋስ ሠራተኛውን አላስጨነቀውም? ዞሮ ዞሮ የምንጠይቀው ግብር ቤት አይደለም። ከፎርም ሥራ የተረፈ ጣውላ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ የውሃ በርሜል፣ ሳሙና! እስቲ ወደ ማንኛውም ሳይት ገብተን እንይ። ለመሐንዲሱ ቢሮ አለ። ለዘበኛው ጎጆ አለ። ለሲሚንቶው ጣራ አለ፣ ከሥሩም እርጥበት እንዳይነካው እንጨት ተረብርቦለታል። ሲሚንቶ እርጥበት ከነካው ይበላሻላ! ክረምት ሲመጣ ዳቦውን በዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚበላው ሰው ብቻ የማይበላሽ ዕቃ ተደርጎ ተቆጥሯል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

ሦስተኛ፣ «ይህ የቅንጦት ጥያቄ ነው» ይባላል። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጣው 102ኛ የውሳኔ ሐሳብ ለሠራተኞች የመመገቢያና የማረፊያ ቦታ ጉዳይን አንሥቷል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣውና የግንባታ ሥራን ብቻ የሚመለከተው 167ኛው ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 32 የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ ምግብ መመገቢያና ከዝናብ መጠለያ በሳይቱ ወይም በአቅራቢያው እንዲኖር ይላል። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የደመወዝ ቦርድንም ጠቅሷል። በጠዋት ተለቅሞ ማታ የሚሰናበት የቀን ሠራተኛ ግን አዋጁን የሚሰማው በካቦው አፍ ነው። ስለዚህ ምሳ የግል ጉዳይ ነው የሚባለው ነገር ዓለም ከተወው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እኛ ጋ ነው ገና ያልተተወው።

ትምህርት አያስፈልግም ወይ? ያስፈልጋል! ጥያቄው የሚማረው ማን ነው የሚለው ነው። ካቦው ይማር፤ የተራበ ሰው ከሰዓት በኋላ እጁ እንደሚዝል፣ ከመወጣጫም ሊወድቅ እንደሚችል ይማር። ተቋራጩ ይማር። ከሁሉም በፊት ግን እኛ እንማር። በዚህ ግቢ የምህንድስና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ነገ ሳይት ላይ ቆሞ ይፈርማል። የሕግ ተማሪው ውል ያረቅቃል። የሂሳብ አያያዝ ተማሪው ክፍያ «ይለቀቅ» ወይም «ይቆይ» ይላል። ያን ጊዜ የሰውየውን ምሳ የምንመርጥለት እኛ ነን። ብረቱን በሚሊ ሜትር የሚለካ መሐንዲስ የምሳ ሰዓትን በደቂቃ መለካት አያቅተውም።

ነገሩን በግቢያችን እንጀምረው። አዲሱ ሕንፃ ገና ሦስተኛ ሶሌታው ላይ ነው፤ ክረምቱም እየመጣ ነው። የተማሪዎች ማኅበራችን ለግንባታው ክፍል አቤቱታ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን፤ ነጥቦቹም እነዚህ ናቸው፦

አንድ፣ በአጥሩ ውስጥ ጣራና መቀመጫ ያለው የመመገቢያ ዳስ ይሠራ።

ሁለት፣ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ፣ ለሴቶችም የተለየ መጸዳጃ ይዘጋጅ።

ሦስት፣ የምሳ ሰዓት ሠራተኛው መሬት ከረገጠ በኋላ ይቆጠር።

አራት፣ ክፍያ ሳይዘገይ በየሳምንቱ ይከፈል።

አምስት፣ ምግብ የሚሸጡ እናቶች ከበር ከመባረር ይልቅ በዳሱ አጠገብ ቦታ ይሰጣቸው።

ስድስት፣ ከእንግዲህ በግቢው ለሚወጣ የግንባታ ጨረታ ሁሉ እነዚህ ነገሮች በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ዋጋ ወጥቶላቸው ይግቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ውሃው ቀርቦ፣ ሰዓቱ ሞልቶ፣ ክፍያው በጊዜው ወጥቶ፣ ሠራተኛው አሁንም ደረቅ ዳቦ ቢመርጥ፣ ያን ጊዜ ጸሐፊው ጥቁር ሰሌዳውን ይዞ ይምጣ፤ እኛም ጠመኔውን እናቀብለዋለን። እስከዚያ ድረስ ግን ጥቁር ሰሌዳው ይቆይና መጀመሪያ በርሜሉ ይምጣ!